መጀመሪያ ሣሩ፣ ግልቢያው ኋላ

ልጄ፣ ፈረስ መግዛትህን ስሰማ ደስ አለኝ። በደቡብ አፍሪካ የምንኖር የሐበሻ ልጆች ዕድሜያችን የሚያልቀው ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ስንመላለስ ነው፤ አንተ የአባቶችህን ነገር አስታውሰህ ገንዘብህን በፈረስ ላይ አዋልክ። ከጆሃንስበርጉ የተርፎንቴን የሩጫ ሜዳ ተሰናብቶ የወጣ፣ ቶሮብሬድ የሚባለው የሩጫ ዝርያ የሆነ የስድስት ዓመት ዳማ መሆኑን፣ ከካትሌሆንግ በስተደቡብ ፕሎት ከሚሏቸው ትንንሽ እርሻዎች በአንዱ ጋጣ እንደተከራየህለት፣ በሦስት ወር ውስጥም በዝላይ ልታወዳድረው እንዳሰብክ ነገርከኝ። ፈረሱም ጋጣውም መልካም ነው። ሦስት ወሩ ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ያደግሁት አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አጠገብ፣ ፈረስ በሚያርስበትና በሚጋለብበት አገር ነው፤ እዚህም ከመጣሁ ወዲህ ከፈረስ ርቄ አላውቅም። የማውቀውን እንዳትረሳው በቁጥር አድርጌ ልጻፍልህ።

1. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መኖውን አትቀይርበት። ከሸጡልህ ሰዎች ጋር ተነጋገርና ምን ይበላ እንደነበር፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ሰዓት ይሰጠው እንደነበር ጠይቀህ ጻፍ። ከተቻለም ያንኑ መኖ አንድ ሁለት ጆንያ ግዛ። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ሣሩ የሚፈጨው ከዚያ አልፎ በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፤ የሚፈጩትም በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ የሚኖሩት በለመዱት መኖ ነው። እንግዳ መኖ በድንገት ሲወርድባቸው ግማሾቹ ያልቃሉ፣ ሌሎቹ ከልክ በላይ ይራባሉ፣ አንጀቱ በአሲድ ይሞላል። ከዚያ ቁርጠት ይመጣል፤ አንዳንዴም መርዙ በደም ተጉዞ የኮቴውን ውስጥ ያቃጥለዋል። ቁርጠት ፈረስን በአንድ ሌሊት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ለውጡ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፍጅ፤ ከአሮጌው ሩብ ቀንስ፣ ከአዲሱ ሩብ ጨምር፣ ሦስት አራት ቀን ጠብቅ፣ እንደገና ሩብ። ድርቆሹም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ጥራጥሬውን ቀስ ብሎ ይቀይርና ድርቆሹን በአንድ ቀን ይለውጠዋል።

በነዚሁ ሳምንታት ከሌሎቹ ፈረሶች ለይተህ አቆየው። ሙቀቱን ጠዋትና ማታ ለካ፤ የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ ወይም በመንጋጋው ሥር እብጠት ካየህ ሐኪም ሳያየው ከመንጋው ጋር አትቀላቅለው።

2. በዓይንህ አትመን፣ መዝን። ለፈረሱ ትልቅ ሚዛን አያስፈልግህም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከትከሻው ጀርባ፣ የኮርቻው መቀነት በሚያልፍበት በኩል የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለካ። ቀጥለህ ከፊት ትከሻው ጫፍ እስከ ኋላ ዳሌው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለካ። ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ ያንን በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,877 አካፍል፤ የምታገኘው ቁጥር ኪሎው ነው። ዙሪያው 185፣ ርዝመቱ 165 ከሆነ 475 ኪሎ ግድም ይመጣል ማለት ነው። ጥቂት ቢስትም ግድ የለም፤ በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሰው እጅ ከለካኸው መጨመር መቀነሱን በትክክል ይነግርሃል።

ከቁጥሩ ሌላ እጅህን በጎኑ ላይ አሳልፍ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሄንከ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መለኪያ ፈረስን ከ1 እስከ 9 ይመድበዋል፤ 1 አጥንቱ የወጣ፣ 9 በስብ የተድበለበለ ነው። ጎድኑ ለዓይን ሳይታይ በጣት ሲዳሰስ የሚገኝ ፈረስ 5 ነው። ከሩጫ የወጣው ያንተ ፈረስ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ቢል አትደንግጥ። አንድ ደረጃ ከፍ ለማድረግ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ በሳምንታት ላድርሰው ያለ ሰው በስብ ይሸፍነዋል እንጂ ጡንቻ አያበቅልለትም።

3. የምግቡ መሠረት ድርቆሽ ይሁን። እዚህ ላይ ከሌላው ፈረስ ገዢ ሁሉ አንተ ዕድለኛ ነህ፤ በዚህ በሃይቬልድ ደጋ የፈረስ ድርቆሽ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ጤፍ ነውና። የእንጀራችን እህል በዚህ አገር ከመቶ ዓመት በላይ የፈረስ ሣር ሆኖ ሲዘራ ኖሯል። ነገር ግን ከአውድማ ከሚተርፈው ከምናውቀው ጭድ ጋር አታምታታው። የእኛ ጭድ ፍሬው ከተወቃ በኋላ የሚቀር ደረቅ አገዳ ነው። የዚህ አገር ገበሬ ጤፉን የሚያጭደው ገና ፍሬ ሳይዝ፣ ለምለም ሳለ ነው፤ ጥሩው አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ቅጠሉ የበዛ፣ ለእጅ የሚለሰልስ ነው። አገዳው ወፍሮ ቢጫ የሆነውን አትግዛ፤ ዋጋው ቢረክስም ሆዱን ከመሙላት በቀር አቅም አይሰጠውም፣ አንጀት ውስጥም ይደርቃል። እስሩን ፍታና አሽትት። ሻጋታ ከሸተተህ ወይም አቧራ ከጨሰ መልሰው፤ የፈረስ ሳንባ አንዴ በሻጋታ ከተጎዳ ለውድድር መመለሱ አስቸጋሪ ነው።

ልኩን ልንገርህ። ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ድርቆሽ ይብላ፤ ከ1.5 በመቶ በታች በፍጹም አይውረድ። ያንተ ባለ 475 ኪሎ ከሆነ በቀን 9 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። «አንድ እስር ተኩል ሰጠሁት» አትበለኝ፤ እስር ከእስር በክብደት ይለያያል፣ በሱቅህ ሚዛን መዝነው። በቀን አራት ጊዜ ከፍለህ ስጠው፣ ትልቁን ድርሻ ለሌሊት አድርግ። የፈረስ ጨጓራ አሲድ ሌት ተቀን ያመነጫል፤ አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን የሚመነጨው ሲያኝክ ብቻ ነው። በሩጫ ጋጣዎች ጥራጥሬ ስለሚበዛና ድርቆሽ ስለሚያንስ አብዛኛው የሩጫ ፈረስ ጨጓራው ቁስለት ይዞት ነው የሚወጣው። መኖ ጀምሮ ከተወ፣ መቀነቱን ስታጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ፣ ፀጉሩ ከደበዘዘ ጨጓራውን ጠርጥር።

ሉሰርን፣ እኛ አልፋልፋ የምንለው፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምርለት። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ለጡንቻና ለአጥንት ነው፤ ካልሲየሙ የጨጓራውንም አሲድ ያበርዳል። ኮርቻ ከመጫንህ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ሁለት እፍኝ ስጠው፤ ባዶ ጨጓራ ይዞ ሲሮጥ አሲዱ ወደ ላይ ይረጫል። ድርቆሽህን በማርችና በኤፕሪል ገዝተህ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ከምር። ክረምቱ ሲያልቅ፣ ኦገስት ላይ፣ ሜዳው ሁሉ ስለሚደርቅ ጥሩው ያልቃል፣ የቀረውም ይወደዳል።

4. ጥራጥሬ የሚጨመረው ለሠራው ሥራ ነው፤ ልታሠራው ላሰብከው ሥራ አይደለም። ይህን በጋጣው በር ላይ ጻፈው። በእርምጃ ብቻ በሚሠራበት ወር ከሩጫ ቤት ይዞት የመጣውን ጥራጥሬ ቀስ በቀስ ቀንሰህ ድርቆሹን ከፍ አድርግ፤ ቪታሚንና ማዕድኑን የሚያሟላ ጥቂት ማመጣጠኛ መኖ ይበቃዋል። ሥራው ሲጨምር በሳምንት ግማሽ ኪሎ እየጨመርክ ሂድ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ኪሎ በላይ አትስጥ፤ ከዚያ የበለጠው ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፍና በመጀመሪያው ምክር የነገርኩህን አሲድ ያመጣል። ከሁለት ኪሎ በላይ ካስፈለገ በቀን ሦስት ጊዜ ክፈለው።

ከጥራጥሬ ሁሉ ለፈረስ የሚስማማው አጃ ነው፤ ስታርቹ በትንሹ አንጀት ቶሎ ይፈጫል። ገብስም መልካም ነው፣ ልጡ ጠንካራ ስለሆነ ግን ተከክቶ ወይም ተቀቅሎ ይሁን። በቆሎ እንደ ጥሬው አይፈጭለትም፤ ክብደቱም ስለሚለይ በጣሳ የሚለካ ሰው በአጃ ጣሳ በቆሎ ሰፍሮ ከታሰበው ብዙ ያበላል። ፉርሽካን አገር ቤት ሳለን ለከብት ለፈረሱ እንሰጥ ነበር፤ ግን ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ በብዛት የሚበላ ፈረስ አካሉ ካልሲየሙን ከአጥንቱ ይስባል።

አሁን በአካባቢያችን የማየውን ልንገርህ። ከሱቅ የተረፈ ዳቦ፣ ፓፕ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ድርቅ ያለው፣ የታጨደ የግቢ ሣር በከረጢት እያመጡ ለፈረስ የሚደፉ ሰዎች አሉ። ደግነት ነው፣ ግን ይገድላል። ዳቦው እንደ ሊጥ ጉሮሮና ጨጓራ ላይ ይለጠፋል፣ የታጨደው ለምለም ሣር በከረጢት ውስጥ ይብላላል። ከሁሉ የከፋው የሻገተ በቆሎ ነው። በሻጋታው ውስጥ ያለው ፉሞኒሲን የሚባለው መርዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ተለይቶ የታወቀው እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የፈረስን አንጎል ያፈሰዋል፣ ፈረሱ በቀናት ውስጥ ታውሮና ተንገዳግዶ ይሞታል፣ መድኃኒት የለውም። በቆሎውን ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። ሻጋታ የነካው በቆሎ ከሱቅህ ለማንም እንስሳ አይውጣ። ቸኮሌትና ኮካም ለውድድር ፈረስ አይሰጥም፤ በውስጣቸው ያለው ካፌይንና ቴኦብሮሚን በምርመራ ይገኛል፣ ፈረስህንም ያሰርዝብሃል።

5. ውሃና ጨው። ያረፈ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 45 ሊትር ይጠጣል፤ በሙቀት የሠራ እጥፉን ሊጠጣ ይችላል። በእኛ ሰፈር ውሃ ሲቋረጥ ሰው ጆጆ የሚባለውን የውሃ ታንኩን ለራሱ ይቆጥባል፤ ለፈረሱ የራሱ ታንክ ይኑረው። በጁንና በጁላይ ጠዋት ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ ይጠጣል፣ ደረቅ ድርቆሹ አንጀቱ ውስጥ ይቆማል፤ ጥቂት ሙቅ ውሃ ቀላቅልለት። የሮጠና ያላበው ፈረስ ውሃ ይከልከል የሚለውን የድሮ ወግ ተወው። ለ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ በሙቀት ላይ በተደረጉት ጥናቶች የጋለ ፈረስን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ጉዳት እንደሌለው፣ እንዲያውም እንደሚጠቅመው ታይቷል፤ እንዲጠጣም ፍቀድለት።

የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨዋማ ነው። ለ100 ኪሎ ክብደት በቀን 10 ግራም የገበታ ጨው በመኖው ላይ በትንው፤ ላንተ ፈረስ 50 ግራም ግድም ይሆናል። አባቶቻችን አሞሌ ያስልሱ የነበረው በከንቱ አልነበረም፣ ግን ብዙ የሚያልበው ፈረስ በመላስ ብቻ የጎደለውን አይተካም።

6. ጥርሱን ባለሙያ ይይለት፤ በዓመት አንዴ፣ ቢቻል ሁለቴ። የፈረስ ጥርስ በዓመት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ ጠርዙ ሲሾል ጉንጩን ይቆርጣል፤ መኖ ከአፉ እየጣለ የሚከሳ ፈረስ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የትል መድኃኒት በዘፈቀደ አትስጥ፣ ፋንድያውን አስመርምረህ ስጥ። ኮቴው በየአምስት ስድስት ሳምንቱ ይስተካከል።

7. ልቡ ቀድሞ ይደርሳል፣ አጥንቱ ኋላ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይህን እሰጥሃለሁ። ፈረስ ሥራ ሲጀምር ልቡና ሳንባው በሳምንታት ውስጥ ይበረታል። ጡንቻው ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። ጅማቱና አጥንቱ ግን ስድስት ወር፣ ዓመትም፣ ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። ስለዚህ በስምንተኛው ሳምንት ፈረስህ አፍንጫውን ነፍቶ፣ አንገቱን ሰብቆ፣ ልጓሙን እየጎተተ «ልቀቀኝ» ይልሃል። አንተም ደርሷል ትላለህ። የፊት እግሩ ጅማት የሚበጠሰው በዚያ ሳምንት ነው። ደስ የሚለው፣ ኃይል የተሞላው፣ ላቡ ቶሎ የሚደርቀው ፈረስ ከሰነፉ ፈረስ ይልቅ ሊፈራለት ይገባል። የተበጠሰ ጅማት ቢድን እንኳን ዓመት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቦታ ይደገማል።

አንተ ግን «በአገራችንስ ፈረሱ ለጥር 23 በጥቂት ሳምንታት ይደርስ የለም ወይ?» ልትለኝ ትችላለህ። እውነት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋን ድል ለማሰብ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ፈረስ በሽርጥና በጉግስ ሲጋልብ አይተሃል። ለበዓሉ ገብስና ባቄላ ይጨመርለታል፣ ያርፋል፣ ይወጣል። ግን ያ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር? ያርሳል፣ ይጭናል፣ ገበያ ይወርዳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ሌላውን ጊዜ ሜዳ ላይ ቆሞ ይግጣል። አጥንቱ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በእርምጃ የጠነከረ ነው። ያንተው በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት በጋጣ ቆሞ፣ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ በፍጥነት ጋልቦ የተመለሰ ነው፤ ካቆመ ወዲህም አጥንቱ ሳስቷል። የአዊውን ሥርዓት ልትወስድ ከፈለግህ በዓሉን ትተህ ዓመቱን ውሰድ፦ ሜዳ ላይ ይዋል፣ ብዙ ይራመድ።

8. ስለ ሥራው እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ያርፍ፤ ሜዳ ላይ ይልቀቅ፣ በእጅህ እየሳብክ አራምደው። ከዚያ አራት አምስት ሳምንት እርምጃ ብቻ፤ ከ20 ደቂቃ ጀምረህ እስከ አንድ ሰዓት፣ በሣርና በአፈር ላይ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ወጣት ሁሉ የሚሰለቸው ይህ ነው፤ የፈረስን እግር የሚሠራውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ሶምሶማ፤ መጀመሪያ በሁለት በሁለት ደቂቃ እየቆራረጥክ። በአራተኛው ወር ደንገላሳ ግባ። ዝላይ ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም መጀመሪያ መሬት ላይ የተጋደመ እንጨት እየተሻገረ። በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጨምር፦ ወይ ርዝመቱን፣ ወይ ፍጥነቱን፣ ወይ ዳገቱን፣ ወይ ከፍታውን።

በተርፎንቴን ሩጫው በቀኝ ዙሮሽ ነው። ፈረስህ በግራ ሲዞር ቢደነቃቀፍና ቢንጋደድ እልኸኛ ነው አትበል፤ የቀኙ ጎኑ ጡንቻ ሌላ፣ የግራው ሌላ ነው። በሁለቱም በኩል እኩል አሠራው፣ በግራ ሲሆን ዙሪያውን ሰፋ አድርግለት።

የዕረፍት ቀኑ ላይ ጥራጥሬውን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንስ። እንደ ሥራ ቀን በልቶ የቆመ ፈረስ በማግሥቱ ሲወጣ የኋላ ጡንቻው ተቆልፎ መራመድ ያቅተዋል፣ ያልበዋል፣ ሽንቱ ቡናማ ይሆናል። ያን ካየህ ከቦታው አታንቀሳቅሰው፣ ሐኪም ጥራ።

በበጋው ዝናብ ወራት ከሰዓት በኋላ መብረቁ ክፉ ስለሆነ ሥራህን ጠዋት ጨርስ። በክረምቱ መሬቱ ስለሚጠነክር ደንገላሳውንና ዝላዩን ለስላሳ አሸዋ ላይ አድርግ። ወደፊት ሌላ ፈረስ ከደርባን ወይም ከኬፕ ባሕር ዳር ብታመጣ ደግሞ ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ትንፋሹ እስኪላመድ ሥራውን አቅልለት።

9. የልብ ምቱን መቁጠር ልመድ። ሳይሠራ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከሥራ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ64 በታች ካልወረደ ያን ቀን አብዝተህበታል። በረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር ሐኪሞች ፈረስ እንዲቀጥል የሚፈቅዱት በዚሁ 64 ነው። ጠዋት ጠዋትም እግሮቹን በእጅህ ዳስስ፤ ከሌሎቹ የሞቀ እግር ካገኘህ ባያነክስም እንኳን ኮርቻ አትጫን።

10. የአፍሪካ የፈረስ በሽታን አትርሳ። አገር ቤትም አለ፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ተቋም ክትባቱን ይሠራል፤ እዚህ ግን የቫይረሱ ዘጠኙም ዓይነት አለ። የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝ የምታንስ ትንኝ ናት። ያልተከተበ ፈረስ በሽታው ከያዘው የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ክትባቱ ከፕሪቶሪያ ወጣ ብሎ ካለው፣ አርኖልድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1908 ካቋቋመው ከኦንደርስቴፖርት የእንስሳት ምርምር ግቢ የሚመጣ ነው፤ በሁለት ዙር፣ ቢያንስ በሦስት ሳምንት ልዩነት ይሰጣል። የሚመከረውም ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 31 ባለው ጊዜ ነው። አንተ የገዛኸው በሴፕቴምበር ስለሆነ ጊዜህ አጭር ነው፤ ፓስፖርቱን ገልጠህ የዘንድሮው መስፈሩን ዛሬ እይ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ከባድ ሥራ የለም፤ ላብና ድካም ከክትባቱ ጋር አይስማሙም። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ፣ ውርጭ እስኪወርድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ አስገባው፣ ፀሐይ ወጥታ ስትሞቅ አውጣው፣ መስኮቱን በጠባብ ወንፊት ሸፍን፣ በየጠዋቱ ሙቀቱን ለካ። ከመዥገር የሚመጣ የደም በሽታም አለ፤ ድዱ ወደ ቢጫ ካደላና ትኩሳት ካለው እሱ ሊሆን ይችላል።

11. ነገ ሌላ ፈረስ ብትገዛና አጥንቱ የወጣ፣ የተራበ ቢሆን፣ ከርኅራኄ የተነሣ ጥራጥሬ አትሙላለት። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል በድንገት ስታርች ሲገባበት የደሙ ማዕድን ይናጋና ልቡ ይቆማል። ግማሽ ኪሎ ሉሰርን በየአራት ሰዓቱ፣ በሐኪም እየታየ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ። በራንድቫል የሚገኘው ሃይቬልድ ሆርስ ኬር ዩኒት የሰፈሮቻችንን የጋሪ ፈረሶች የሚረዳ ድርጅት ነው፤ ጠይቃቸው። በሰፈራችን ብረታ ብረት የሚለቅሙትን ባለጋሪዎችንም አትናቅ፤ ከነሱ ውስጥ ኮቴ በመዳሰስ ብቻ ሕመም የሚያውቁ አሉ።

12. ፈረስህን በየቀኑ ለሚያበላው ሰው ክብር ስጥ። አንተ ሱቅ ውስጥ ሳለህ ከጎኑ የሚውለው፣ በሌሊት ተነሥቶ ድርቆሽ የሚሰጠው እሱ ነው። በአሌክሳንድራ ተወልዶ የፈረስ አሽከር ሆኖ የጀመረው ኢኖስ ማፎካቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በአፓርታይድ ዘመን እንግሊዝ አገር ዌምብሊ ድረስ ሄዶ በዝላይ ተወዳድሯል፤ በ2007 ደግሞ ለሰፈር ልጆች በሶዌቶ የፈረስ ግልቢያ ማዕከል ከፍቷል። ቅዳሜ ጊዜ ካለህ ሄደህ እይ። ለአሽከርህ ደመወዙን በጊዜው ክፈል፣ መኖው በኪሎ የተጻፈበት ሰሌዳ ጋጣው ላይ ስቀልለት፣ «ዛሬ በደንብ አልበላም» ሲልህ አድምጠው። ከአንተ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

እንግዲህ ቀኑን ቆጥሬልሃለሁ። ከሴፕቴምበር ብትነሣ፣ ዕረፍቱ፣ ክትባቱ፣ የእርምጃው ወራት፣ ሶምሶማውና ደንገላሳው በሥርዓቱ ከሄዱ፣ ትንንሹን ዝላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ሜዳ የሚሞክረው በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው። ለዲሴምበሩ ውድድር ስሙን ካስመዘገብክ ሰርዘው፤ የከፈልከው ገንዘብ ቢቀርም ይቅር። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዝ፣ የደረቱን ዙሪያ፣ የበላውን ኪሎ፣ የሠራበትን ደቂቃና የጠዋት ሙቀቱን ጻፍበት፣ በየሁለት ሳምንቱም ገጹን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ አይቼ እደውልልሃለሁ።